እንጦጦ ድንበር በነበረ ጊዜ

የአዲስ አበባ ሰው እንጦጦን የሚያውቀው ከፊቱ ነው። ከመስቀል አደባባይም ሆነ ከቦሌ ቀና ሲል ሰሜኑን ዘግቶ የቆመ ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ ያያል። ክረምት ላይ አናቱን ጉም ይውጠዋል፤ በጋ ላይ የባሕር ዛፉ ጫፍ ሰማዩን ሲጠርግ ይታያል። ከጀርባው ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው። በጎጃም መንገድ ከፍቼ ወይም ከጫንጮ ተነሥቶ የሚመጣ መንገደኛ ሱሉልታ ሜዳ ሲደርስ ተራራ ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ለስለስ ያለ አቀበት ነው። መኪናው ጥቂት ያቃስታል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ ከዚያ ምድሩ በድንገት ከፊቱ ይሸሻል። ከተማዋ ከነጭሷ ከታች ተዘርግታለች፤ ከእሷም ወዲያ የረር፣ ፉሪና ወጨጫ ለየብቻቸው ቆመዋል፤ አየሩ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ዝቋላም አለ።

ስለ እንጦጦ ሲነገር ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ባሕር ዛፉ ይነሣሉ። እኔ ግን ነገሩ ከዚህ ከተዛባ ቅርጹ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። እንጦጦ ከሰሜን ለሚመጣ ሰው ደረጃ ነው፤ ከደቡብ ለሚመጣ ግድግዳ ነው። ማን እንደ ሰፈረበት፣ ለምን እንደ ሰፈረበት፣ ብዙም ሳይቆይ ለምን ትቶት እንደ ወረደ ሲጠየቅ የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለ።

ሰንሰለቱ ትንሽ ነው። ከጉለሌ በላይ ተነሥቶ እስከ የካ ኮረብታዎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል፤ አናቱ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በሰሜን ተራሮች ዓይን ለሚለካ ሰው፣ ስሜንን ወይም ጉናን ለሚያውቅ፣ ይህ ጉብታ ነው። የተሠራበት ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ትራካይትና ራዮላይት ሲሆን ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ፊት ለፊቱ ያሉት ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ከእሱ ጋር ሲተያዩ ልጆች ናቸው፤ የተወለዱት ስምጥ ሸለቆው ከተከፈተ በኋላ፣ ባለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ነው። ለዚህ ነው እነሱ እንደ ጎጆ ክብ ሆነው ለየብቻ የቆሙት፤ እንጦጦ ግን እንደ አጥር ረዝሞ የተጋደመው።

አጥር ያደረገው ስብራት ነው። ከአምቦ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ወደ ከሰም የሚሄድ ረጅም የመሬት ስንጥቅ በዚህ ያልፋል። ከስንጥቁ በስተደቡብ ያለው ምድር ሲሰምጥ ሰሜኑ በነበረበት ቀረ፤ እንጦጦ የቀረው ክፍል ከንፈር ነው። ስለዚህ በሰሜኑ በኩል መሬቱ ከፍታውን አይለቅም፤ ሱሉልታ ራሱ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በደቡቡ ግን መውረዱ አያቆምም፦ ከተማው መሐል ወደ 2,400፣ አቃቂ ወደ 2,100፣ ሞጆ ከ1,800 ብዙም ያልራቀ፣ እያለ እስከ አዋሽ ይዘልቃል። ፍልውሃም የዚሁ የስብራት ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ወደ ጥልቁ የሰረገ ውሃ በምድር ውስጥ ሙቀት ተግሎ በስንጥቁ መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ተራራውንና ፍልውሃውን አንድ የምድር ታሪክ እንደ ወለዳቸው ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ላይ አንዲት ንግሥት ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወርድ እንመለስበታለን።

ሸንተረሩ ውሃም ይለያል። በሰሜኑ ቁልቁለት የወረደ የሐምሌ ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ አባይ ይገባል፤ ጉባ ላይ ግድቡ ካላስቀረው ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ይደርሳል። በደቡቡ በኩል የወረደው በቀበና፣ በግንፍሌ ወይም በቀጨኔ አልፎ አቃቂን፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ በአፋር በረሃ ዞሮ ዞሮ ጅቡቲ ጥግ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አናቱ ላይ አንድ ክንድ ርቀት ላይ የወደቁ ሁለት ጠብታዎች ዳግመኛ አይገናኙም።

ውሃ የሚለይ ሸንተረር ሰውም ይለያል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ካርታ ላይ ድንበር ሲሠመር የውሃ መለያያን መከተል የተለመደ ስለሆነ ዓይናችን ለዚህ ተገርቷል። በእንጦጦ ግን ለረጅም ዘመን እንዲህ አልነበረም። ከ16ኛው መቶ ዓመት በኋላ በሰሜኑም በደቡቡም የኖረው የቱለማ ኦሮሞ ነው። በደቡቡ ግርጌ ጉለሌና ኤካ፣ ወደ አቃቂ ገላን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አቢቹ ነበሩ። ሥርዓታቸው ገዳ ነው፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ የቱለማ ጉባኤ የሚሰበሰብበት ኦዳ ነቤም ዱከም አጠገብ ነው። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ እንጦጦ ዳር አይደለም። ከብት የሚሠማራበት፣ እንጨት የሚለቀምበት፣ ከጓሮ ያለ ደጋ ነው። መሐሉም በኦሮምኛ ፊንፊኔ የሚባለው የፍል ውሃው ሜዳ ነው፤ ከብቶች ወደ ሆራው፣ ወደ ማዕድን ውሃው፣ የሚወርዱበት። ስሞቹ ዛሬም ከአፋችን አልጠፉም፦ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከኤካ የመጣው የካ፣ ገላን ከተማ። ታክሲ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ ሲጠራቸው የጎሳ ስም እየጠራ መሆኑን አያስብም።

እንግዲህ እንጦጦ ድንበር የሆነው በተፈጥሮው ሳይሆን ከሩቅ የመጣ ዓይን ሲያርፍበት ነው። ያ ዓይን ደግሞ ሁለት ጊዜ መጥቷል።

የመጀመሪያው መምጣት ጭላንጭሉ ብቻ ነው የቀረው። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ ይህ አካባቢ ከሚወዷቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። በየካ በኩል ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ከጥንቱ ዘመን የቀረ ምስክር ነው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ፍሬ አስመጥተው ወጨጫ ላይ አስተከሉ የሚለው ትውፊት የመናገሻን ደን ከእሳቸው ጋር ያያይዛል። ቬኒስያዊው መነኩሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዓመት በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የሚባል የንጉሥ ከተማ አለ፤ አንዳንድ ተመራማሪዎች እንጦጦ አናት ላይ የተገኘውን አምስት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ምሽግ ከባራራ ጋር ያገናኙታል፣ ሌሎች ከተማዋን ሌላ ቦታ ይፈልጓታል። ቦታው የትም ይሁን፣ ዘመኑ ያበቃው በአንድ ትውልድ ውስጥ ነው። በመጋቢት 1521 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከዚህ በደቡብ ምሥራቅ፣ ሽንብራ ኩሬ ላይ፣ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል አደረጉ። በሚቀጥሉት ዓመታት ቤተ መንግሥቱ ወደ ሰሜን ተገፋ፤ ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ወደ ሸዋ አልተመለሰም፣ ጣናን መረጠ። ሜዳው የቱለማ አገር ሆነ።

ሁለተኛው መምጣት ግን ዱካው ሁሉ አለ፤ በዝግታ መከታተልም ይገባዋል።

የሸዋ መሳፍንት መነሻቸው መንዝ ነው። ከመንዝ ብርድ ወጥተው ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ መናገሻቸውን እንዴት እንደ መረጡ ብናይ አንድ ልማድ ይታየናል። አንኮበር የአፋርን ቆላ ቁልቁል በሚያይ ገደል ጫፍ ላይ ናት፤ ጀርባዋ ደጋው ነው፤ ስሟ ራሱ በር አለበት። በር መዝጊያም መውጫም ነው። ከአንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ አለ፤ ከታጁራ የመጣው ጨውና ጨርቅ ከውስጥ አገር ከመጣው ቡናና ዝሆን ጥርስ ጋር የሚገናኝበት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1805–1840 ዓ.ም.) አንኮበርን ሳይለቁ ወደ ምዕራብ፣ ደብረ ብርሃንን አለፍ ብሎ፣ አንጎለላን ሁለተኛ መቀመጫ አደረጉ። አንጎለላ የጠረፍ ከተማ ነበረች፤ የዘመቻ መነሻ፣ የግብር መሰብሰቢያ። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ የተወለዱትም እዚያ ነው፣ በ1836 ዓ.ም.። ይህ እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ንጉሠ ነገሥቱ የጠረፍ ልጅ ናቸው፤ መናገሻ ማለት ጦሩ ነገ የሚሄድበትን የሚያይ ቦታ ነው ብለው አደጉ።

በሣህለ ሥላሴ ዘመን ድንበሩ መሥመር አልነበረም፤ ቀበቶ ነበር። ንጉሡ በዓመት ውስጥ ደጋግመው ይዘምታሉ፤ የሚገብር ይገብራል፣ የማይገብር ይወረራል፣ ከብቱ ይነዳል፤ ጦሩ ይመለሳል፤ ሲመለስም አገሩ ለባለቤቱ ይቀራል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሸዋ የመጣው ሻለቃ ዊሊያም ሃሪስ በ1830ዎቹ ከእነዚህ ዘመቻዎች አንዱን ተከትሎ ስለ ፊንፊኔ ሸለቆ ጽፏል፤ የሜዳውን ልምላሜም የመንደሮቹን መቃጠልም። ሕዝቡ የሚያወራው ደግሞ ሌላ ነው፦ ሣህለ ሥላሴ እዚህ ዛፍ ሥር ገበጣ ሲጫወቱ የልጅ ልጃቸው በዚህ ምድር ከተማ እንደሚሠራ ተነበዩ ይባላል። ትንቢት ሁልጊዜ የሚነገረው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ሆኖም ታሪኩ አንድ እውነት ይዟል፦ በእሳቸው ዘመን እዚህ ይመጣ እንጂ አይታደርም ነበር።

ለምን አይታደርም? ምክንያቱ ፈረስ ነው። የቱለማ ፈረሰኛ በሜዳ ላይ የሚቋቋመው አልነበረም። ከየረር እስከ ወጨጫ፣ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ አዋሽ ያለው አገር ለጥ ያለ ነው፤ ለፈረስ የተፈጠረ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሰፍሮ የሚያድር ጦር ሌሊቱን አይተኛም። ፈረሰኛ ኃይሉን የሚያጣው አቀበቱ ቀጥ ሲል፣ መሬቱ ድንጋይና ጽድ ሲሆን ነው። እንጦጦ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚሰጠው ለአንድ ወገን ብቻ ነው። ከሰሜን የመጣ ጦር በቀላሉ ይወጣበታል፤ ስንቁ፣ በቅሎው፣ ነፍጡ ከኋላ ይከተለዋል፤ ከፊቱ ግን ፈረስ ሮጦ የማይወጣው ገደል አለለት። በዓይኑም ሜዳውን እስከ ዝቋላ ይዞታል። እዚያ ላይ የቆመ ዘብ ከየረር ሥር የተነሣ አቧራ ያያል።

የረርን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከየረር ሥር ሮጌ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከጊቤ ማዶ፣ ከእናርያና ከጅማ፣ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ ዝሆን ጥርሱን፣ ወርቁን፣ ባሪያውንም ጭምር ይዞ በዚያ አድርጎ ወደ አልዩ አምባና ወደ ባሕሩ ጠረፍ ይሻገራል። የሸዋ ንጉሥ የነጋዴውን ቀረጥ የሚያገኘው በመንገዱ ጫፍ፣ አንኮበር ሥር ነበር። መንገዱን መሐሉ ላይ የያዘ ግን የነፍጥ ዋጋ በእጁ ነው።

ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የሸዋን ዙፋን ሲይዙ መጀመሪያ ያዩት ወደ ሰሜን ነበር። ወሎን ይፈልጉ ነበር፤ ከዚያም በላይ ይፈልጉ ነበር። መጋቢት 1870 ዓ.ም. በያኔው ሰፈራቸው በልቼ ለዐፄ ዮሐንስ ገብተው ንጉሠ ነገሥት መባልን ሲተዉ ያ አቅጣጫ ተዘጋ። የተዘጋ በር ሰውን ወደ ክፍቱ ይመልሰዋል። ንጉሡ ፊታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ አዞሩ፤ በእነዚያው ዓመታት ሰፈራቸውም ተንቀሳቀሰ፣ ከልቼ ወደ ወጨጫ፣ ከወጨጫ ወደ እንጦጦ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት ዜና መዋዕል ነገሩን የአባቶችን ከተማ እንደ መፈለግ ያቀርበዋል፤ የጥንት ነገሥታት የነበሩበትን ፍርስራሽ አገኘን፣ ወደ ርስታችን ተመለስን። የሰፈረ ጦር ምክንያቱ አቀማመጥ ቢሆንም፣ ምክንያቴ ርስት ነው ማለቱ የተለመደ ነው። ሁለቱ አይጋጩም፤ የ16ኛው መቶ ዓመት ንጉሥና የ19ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ አንድ ሸንተረር የመረጡት ሸንተረሩ ለሁለቱም አንድ ነገር ስለሚሰጥ ነው።

ከዚህ ጋር የሸዋው ጦር ራሱ ተለውጦ ነበር። ፈረሰኛውን የሚመክተው ነፍጥ በብዛት ገባ። ከፈረሰኛውም የተወሰነው ወደ ምኒልክ ዞረ፤ ከአቢቹ ኦሮሞ የተወለዱት ራስ ጎበና ዳጬ የንጉሡ ትልቁ የጦር መሪ ሆኑ። ይህ ሲነገር አንዳንዱ ያፍራል፣ አንዳንዱ ይኮራል፤ ለትንታኔው የሚጠቅመው ግን ጠረፍ ምን ጊዜም በሁለት ወገን ብቻ የሚከፈል አለመሆኑ ነው። ለጉለሌ ሰው ተራራው ላይ የተተከለው ሰፈር የመሬቱ መነጠቅ መጀመሪያ ነበር፤ ለጎበና ፈረሰኛ ደግሞ የሹመት መንገድ ነበር።

እንጦጦ መናገሻ የሆነበት ዘመን አጭር ነው፤ ከ10 ዓመት ብዙም አይዘልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሆነው ግን ብዙ ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ፤ የጊቤ ማዶ አገር ለሸዋ ተከፈተ። ቀጥሎ የአርሲ ዘመቻዎች መጡ፤ ብዙ ደም የፈሰሰባቸው ዘመቻዎች። በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩ አሚር ተሸነፉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በአንድ ወቅት ሆነ። ንጉሡ ወደ ሐረር ዘምተው ሳለ እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ወርደው ፍልውሃ ሰፍረው ነበር። ሜዳውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፤ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ታሪኩ ሲነገር አበባው፣ ፍል ውሃው፣ የእቴጌይቱ ምርጫ ይጎላሉ፤ ተገቢም ነው። ለእኔ የሚገርመኝ ጊዜው ነው። አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ንግሥት ድንኳኗን በሜዳው ላይ ተክላ፣ ባሏና ጦሩ በሌሉበት ልትከርም ትችል ነበር? አይመስለኝም። ድንበሩ እስከ ሐረር ሄዶ ስለ ነበር ነው የቻለችው። ጠረፉ ሲርቅ ተራራው ሥራ ፈታ።

ሥራ የፈታ ምሽግ ደግሞ ጉድለቱ ብቻ ይታያል። እንጦጦ ላይ መኖር ውድ ነበር። ብርዱ አንዱ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳልና አናቱ ከከተማው መሐል ብዙ ይበርዳል፣ ነፋሱም አለ። ውሃው ሌላው ነው። ሸንተረር ውሃ ይከፍላል እንጂ አያከማችም፤ ምንጩ የሚፈልቀው ከወገቡ በታች ነው። ሦስተኛውና ክፉው ስንቅ ነው። የቤተ መንግሥት ግብር በሺህ የሚቆጠር ሰው ያበላል። እህሉ የሚመረተው በሜዳው ሲሆን የሚበላው አናት ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቁና ጤፍ በአህያና በሰው ጀርባ ሽቅብ መውጣት አለበት። ጠላት በነበረ ጊዜ ይህ የደኅንነት ዋጋ ነው፣ ይከፈላል። ጠላት ከሌለ ምን ያስከፍላል?

ቢሆንም ተራራው በአንድ ቀን አልተተወም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። ዘውዱ እላይ ተጫነ፣ መንግሥቱ ታች ወረደ። ዘመኑ ደግሞ ክፉ ቀን ነበር፤ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ እህል ጠፍቶ፣ ሰው በረኃብ የሚረግፍበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስንቅ ሽቅብ የሚጭን ከብት ከየት ይገኛል? መኳንንቱ እየተከተሉ ወረዱ፤ እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች በአንድ ጉብታ ላይ ከነጭፍራው ሰፈረ። አዲስ አበባ ዛሬም በሰፈርና በሰፈር መሐል ድልድይ የምታበዛው ለዚህ ነው፤ ከእንጦጦ የወረዱት ጅረቶች ሜዳውን ሸንሽነውት፣ እያንዳንዱ ሰፈር በሁለት ወንዝ መሐል ያለ የጦር ሰፈር ነበርና።

ከተማዋ ከተራራው ወረደች እንጂ ከተራራው አልተላቀቀችም። ቤት የሚሠራውም እንጀራ የሚጋገረውም በእንጦጦ ጽድና ወይራ ነበር። በጥቂት ዓመታት ተራራው ተመለጠ። እንጨት ሲርቅ መናገሻ መነሣት የቆየ ልማድ ስለሆነ ምኒልክ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ፤ አዲስ አበባም እንደ ልቼ፣ እንደ ወጨጫ፣ የቀድሞ ሰፈር ተብላ ልትቀር ተቃርባ ነበር። ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ ግድም የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከብት አይበላውም። ንጉሠ ነገሥቱ ለሚተክል ግብር እያቀለሉ አስፋፉት። ዛሬ ባሕር ዛፍን መውቀስ ቀላል ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ቁልቁለቱን ለጎርፍ ያጋልጣል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የሚዘዋወር መንግሥት አንድ ቦታ ላይ የቆመው በእሱ ምክንያት መሆኑን አብሮ መናገር ፍትሕ ነው። ዋጋውን ደግሞ ከተራራው እኩል የከፈሉት ሴቶች ናቸው። ከ30 ኪሎ በላይ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የማያውቃቸው የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ ግን ፊታቸውን ያየ ጥቂት ነው።

ተራራው እንደገና ድንበር የሆነበት አንድ ክረምት አለ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ከተማዋን እንጂ አገሩን አልያዘም ነበር። በሐምሌ አርበኞች ከየአቅጣጫው ከተማዋን ለማስለቀቅ ተነሡ፤ ከፍቼ በኩል የመጡት የደጃዝማች አበራ ካሣ ሰዎች በሰሜን፣ የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም በምሥራቅ። አበራ ካሣ የመጡበት መንገድ የጥንቱ ነው፣ የኋላው ደረጃ። ከተማዋ ውስጥ ገብተው ተዋጉ፤ ነገር ግን ክረምት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርዱት እነዚያ ጅረቶች ሞልተው አንዱን ጦር ከሌላው ቆራረጡት፤ ከላይ ደግሞ አውሮፕላን ነበር። አብረዋቸው የገቡት አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተገደሉ። እንጦጦ ከሰሜን የመጣውን ጦር እንደ ልማዱ አሳለፈው፤ ውሃው ግን ከጠላት ወገን ሆነ።

ዛሬ አናቱ ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ኑሮ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሯጮች በከፍታው አየር ሳንባቸውን ይገራሉ፤ ጸበልተኛው ወደ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ይሄዳል፤ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው መናፈሻ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ መኪና መቆሚያ ጠፍቷል። 3,200 ሜትር ላይ የከዋክብት መመልከቻ ተተክሏል፣ እያንዳንዱ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት። ሳይንቲስቶቹ የተሻለ ቦታ ወደ ላሊበላ በኩል መፈለጋቸው ከጥንቱ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል፤ አስቸጋሪው አሁንም ከታች ያለችው ከተማ ናት፣ በመብራቷ ሰማዩን ታጥባለች።

ሸንተረሩን ተሻግሮ ሱሉልታ የገባ ሰው ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወጥቶ ኦሮሚያ ገብቷል። ሱሉልታ አሁን የሸገር ከተማ አንዱ ክፍል ናት፤ ታፔላው ይለወጣል፣ መታወቂያው ይለወጣል፣ መሬት የሚመራው ቢሮ ይለወጣል። በሁለቱ ከተሞች መሐል ወሰኑ የቱ ጋ እንደሚያልፍ ባለሥልጣናት በቅርብ ዓመታት ተቀምጠው መክረውበታል። የሚንቀሳቀሰው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ማለዳ ከሱሉልታ ለሥራ ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። ባለፈው ነሐሴ ከእነዚህ መንገደኞች ጋር በሚኒባስ ስሻገር ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳል፣ ከተማዋ የለችም፣ ሜዳውም የለም። ረዳቱ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን ወደ ውጭ አወጣና ጠርዙ የት እንዳለ ለሹፌሩ ይነግረው ጀመር፤ «ያዝ፣ ያዝ፣ ወደ ግራ ነው ገደሉ»።